«ጥርሱ ነው» የምትለው መልስ

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ሀ ሁ ያስቆጠርኳችሁ፣ ዛሬ በተራችሁ ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርሱ የድሮ ተማሪዎቼ።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆነ። «ቲቸር፣ ልጄ የፊት ጥርሷ ወልቆ አዲሱ እየወጣ ነው። ንፍጧ አልቆም አለ፣ ማታ ማታም ታተኩሳለች። ጥርሱ ነው አይደል?»

አይደለም። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን አንደኛ ክፍል ሲያስተምር የኖረ ሰው የወለቀ ጥርስና የሚወርድ ንፍጥ ጠግቦ አይቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቋሚ ጥርስ መውጣት የሚጀምረው በ6 ዓመት ግድም ነው። ልጁ ከ50 ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተፋፍጎ መዋል የሚጀምረውም ያኔ ነው። ጤነኛ ልጅ በዚህ ዕድሜ በዓመት 5 እና 6 ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው ብርቅ አይደለም። ጥርሱ ደግሞ እስከ 12 ዓመት በየተራ ይወጣል። እንግዲህ ጉንፋን በያዘው ቁጥር አፉን ከፍታችሁ ብታዩ አንድ የሚነቃነቅ ወይም ብቅ ያለ ጥርስ አታጡም! ድዱ ሊያብጥ፣ ሲያኝክ ሊያመው ይችላል። ሳሉና ትኩሳቱ ግን ከሌላ ነው የሚመጣ።

«ታዲያ ጥርስ ብንል ምን ጎዳን?» ትሉ ይሆናል። የሚጎዳው መልሱ ጥያቄውን ስለሚዘጋው ነው። ከላህ ወንዝ ዳር እስከ ብር ሸለቆ ክረምቱ ሲወጣ የወባ ጊዜ ነው። ትምህርት የሚከፈተውም ያው መስከረም ላይ። ወባ ሲጀምር ከጉንፋን ብዙም አይለይም፤ ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ምግብ መጥላት። ጤና ኬላ ብትወስዱት ጣቱን ጠቅ አድርገው በአንዲት ጠብታ ደም ወዲያው ይለዩታል። ዳማከሴ አልጠላም፣ ሽታው ብቻ ነፍስ ይዘራል፤ ወባን ግን አይለይም። ልጁ ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነማ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ውጡ።

(በአንድ ወገን ብቻ የሚወርድ፣ የሚሸት ንፍጥ ካያችሁ ደግሞ ሽምብራ ወይ በቆሎ አፍንጫው ውስጥ ከትቶ እንደሆነ አስመርምሩት። ኅዳር ላይ በርበሬ ሲቀነጠስ የሚያስነጥሰውን አልቆጠርኩም፤ ያ የሁላችንም ነው።)

ጥርስን መክሰስ ከሕፃንነት ነው የሚጀምረው። ሕፃኑ ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ይባልና ድዱ ተቧጦ ገና ያልበቀለው ክራንቻ ይነቀላል። ደም ይፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ተቅማጡ ግን እንዳለ ነው፤ የሚያስፈልገው ኦ አር ኤስና የእናት ጡት ነበራ። ከወተት ክራንቻው ሥር ደግሞ የቋሚው ጥርስ ዘር አለ፤ አብሮ ይቆስላል። ጉዳቱ የሚታየው ልጁ 10 ወይም 11 ዓመት ሲሞላው ነው፤ ክራንቻው ጭራሽ ይቀራል ወይም ተጣሞ ይወጣል። ያኔ ግግ ያወጡትን ሰው ማን ያስታውሳቸዋል?

እውነተኛ የጥርስ ሥራ ከፈለጋችሁ ግን አለላችሁ። በ6 ዓመት ግድም ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ፣ ምንም ሳይወልቅ፣ አንድ ትልቅ መንጋጋ ቀስ ብሎ ይወጣል። ብዙ ወላጅ «የወተት ነው፣ ይወልቃል» ብሎ ይተወውና ተቦርቡሮ ያልቃል። አይወልቅም፤ ተተኪም የለውም። ዛሬ ማታ ልጃችሁን ብርሃን ላይ አስቀምጡና ከፊት መሐል ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ስድስተኛው እሱ ነው። የጥርስ ብሩሽም ሆነ መፋቂያ እስከዚያ ድረስ መግባት አለበት። ጥቁር ነገር ያያችሁበት ካለ ሳያሳብጠው በፊት ወደ ጥርስ ሐኪም ውሰዱት፤ ስድስተኛውን ያገኛችሁም ከታች ጻፉልኝ።