ዝም ያለው ሕፃን ይቅደም

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ጉራጌ አገር በሄድሁበት ወቅት የ4 ዓመት ልጄ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። በአቅራቢያው ወደነበረ አንድ የጤና ተቋም ይዣት ሮጥሁ። የልጄ ለቅሶ ግቢውን አናወጠው፤ እኔም ከእርሷ ባላነሰ ጮህሁና ሰልፉን ጥሼ ገባሁ። ስንወጣ አንዲት እናት ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልላ ከሰልፉ መጨረሻ እንደተቀመጠች ነበረች። ሕፃኑ አያለቅስም። ጸጥታው የደኅንነት ምልክት መስሎኝ አልፌው ሄድሁ። ልቅሶ ለመተንፈስ አቅም እንደሚጠይቅ፣ ዝም ያለ ሕፃን ደግሞ ያ አቅም አልቆበት ሊሆን እንደሚችል የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ያ ሕፃን ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ውድ አንባብያን፣ በወፍጮ ቤትም ሆነ በታክሲ ሰልፍ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ መስተናገዱ ፍትሕ ነው። በድንገተኛ ሕክምና ግን ይኸው ፍትሕ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። የጤና ባለሙያዎች ትሪያጅ የሚሉት አሠራር የመጣው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ቃሉ «መለየት» የሚል ትርጉም ካለው የፈረንሳይኛ ግስ የተገኘ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ታማሚ ሕፃናትን በ3 ይከፍላል፦ ወዲያውኑ መታከም ያለባቸው፣ ቅድሚያ የሚሰጣቸውና ተራ መጠበቅ የሚችሉ። ትንፋሽ ያጠረው፣ ራሱን የሳተ፣ ሰውነቱ የሚንዘፈዘፍ ወይም በተቅማጥ ፈሳሹ የተሟጠጠ ሕፃን ካርድ እስኪወጣለት እንኳ መጠበቅ የለበትም።

ጉዳዩ ለአካባቢው ባዕድ አይደለም። በቡታጅራ ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡመዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በጀመረው የልደትና የሞት ምዝገባ ጥናት፣ ሕፃናትን ከሚገድሉት ዋና ዋና ሕመሞች መካከል የመተንፈሻ አካላት ኢንፌክሽንና ተቅማጥ ጎልተው ታይተዋል። ሁለቱም በር ላይ በዓይን ሊለዩ የሚችሉ ናቸው። ከወልቂጤ ብዙ በማይርቀው የአጣጥ ሆስፒታልም ለአደጋ የተጋለጡ ነፍሰ ጡሮች ምጥ ሳይመጣ ቀድመው የሚቆዩበት ማረፊያ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ አገልግሏል። አስቀድሞ የመለየት ጥበብ በዚህ ምድር የታወቀ ነው ማለት ነው።

«ባለሙያው ጥቂት፣ ሕመምተኛው ብዙ በሆነበት ማን ይለያል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ይሁን እንጂ መለየት ለሠለጠነ ሰው ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። የሕፃኑን ጥፍር ተጭኖ መልቀቅና ቅላቱ እስኪመለስ ሰከንድ መቁጠር አንዱ መለኪያ ነው፤ እጁ ቀዝቅዞ ቅላቱ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ከወሰደ የደም ዝውውሩ ያሠጋል። መሣሪያው ሰዓት ብቻ ነው። በማላዊ ብላንታየር ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል ትሪያጅና የድንገተኛ ሕክምናው አደረጃጀት ከተሻሻለ በኋላ፣ ከ10 እስከ 18 በመቶ የነበረው የተኙ ሕፃናት ሞት ወደ 6 እና 8 በመቶ መካከል ወርዷል።

ሁለተኛው ጉዳይ ካኑላ ነው፤ እዚህ ላይ የእኔ ሙያ ይገባል። ለጨቅላዎች የምትውለው ቢጫ ባለ 24 ቁጥር ካኑላ የውጭ ስፋቷ 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ፈረንሳዊው ሐኪምና የፊዚክስ ሊቅ ፑዋዜይ በ19ኛው መቶ ዘመን እንዳሳየው፣ በቀጭን ቱቦ የሚያልፍ ፈሳሽ መጠን ከቱቦው ሬዲየስ 4ኛ ፓወር ጋር ይመጣጠናል። ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ ሬዲየሱ በግማሽ ቢቀንስ ፍሰቱ ወደ 1/16ኛ ይወርዳል። ስለዚህ ትክክለኛዋ መጠን በመደርደሪያው ላይ መኖሯ ተራ የዕቃ ግዥ ጉዳይ አይደለም። ደም ሥር ካልተገኘም ባለሙያው በቅልጥም አጥንት በኩል ፈሳሽ መስጠት ይችላል።

ነገር ግን ካኑላ ራሱ ሕክምና አይደለም። ብዙ ወላጅ «ግሉኮስ ካልተተከለለት ምኑን ታከመ?» ይላል። የ5 ኪሎ ሕፃን ጠቅላላ ደም 400 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው፤ የ1 ሊትር ከረጢት ከዚህ እጥፍ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ከ3,000 በላይ ትኩሳት ያለባቸውና የደም ዝውውራቸው የተዳከመ ሕፃናት የተካተቱበት ጥናት ብዙዎችን አስደንግጧል። ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው 10.5 በመቶ ያህሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲሞቱ፣ ካልተሰጣቸው የሞቱት 7.3 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ በተቅማጥ ክፉኛ የተሟጠጡትን አይመለከትም፤ እነርሱ በደም ሥር ፈሳሽ ያስፈልጋቸዋል። መጠጣት ለሚችሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ኦ.አር.ኤስ. ይበቃል። ለማን፣ ምን ያህል፣ በምን ፍጥነት የሚለውን መወሰን ያለበት መለየቱ እንጂ የወላጅ ጉትጎታ አይደለም።

ስለሆነም በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፣ ብሎም በመላ ሀገሪቱ፣ የጤና ተቋማት የጥበቃና የካርድ ክፍል ሠራተኞችን ጭምር የአደጋ ምልክቶችን እንዲያሠለጥኑ አሳስባለሁ። እናንተ ተማሪዎችም በመስቀል ወደየቤታችሁ ስትመለሱ እነዚህን ምልክቶች ለእናቶቻችሁና ለጎረቤቶቻችሁ ንገሩ። በሰልፍ ላይ ስትቆሙም ዘወር ብላችሁ ከኋላችሁ ተመልከቱ። ዝም ያለ ሕፃን ካያችሁ ጩኹለት፤ እኔ ለራሴ ልጅ የጮህሁትን ያህል።