የቻናል ስም እንደ ሸሚዝ አይቀየርም!

ወገን፣ ዲግሪ ይዤ ቤት ስለተቀመጥኩ ዩቲዩብ ለማየት ጊዜው አለኝ። ትናንት የሙዚቃ ክሊፕ ሲጭን የነበረ ቻናል ዛሬ ስሙን ቀይሮ «ሰበር ዜና» እያለ የፖለቲካ ተንታኝ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሰብስክራይብ ያደረገው ሕዝብ ግን ያው ነው፤ ማንን እየሰማ እንደሆነ የነገረው የለም። ይሄ ማታለል ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ስም መቀየር በራሱ ነውር የለበትም። ሀንድል የሚባለውን መለያ ዩቲዩብ በ14 ቀን ውስጥ ሁለቴ ያስቀይራል። የድሮውን ለ14 ቀን ይዞ ያቆይላችኋል፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። ጉዱ እዚህ ጋ ነው! የጣላችሁትን ስም አንስቶ በእናንተ ስም ገንዘብ የሚለምን አይጠፋም።

መለያውን በላቲን ፊደል ከጻፋችሁት አጻጻፉ የማያሻማ ቃል ምረጡ። «ቀስት» በኪው ነው በኬ? ፈላጊ ይምታታል። የቻናሉን ስም ግን በራሳችን ፊደል አድርጉት። «ፀሐይ»ን በስንት መልክ እንደምንጽፍ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የራሳችን ጣጣ ነው።

የግድ ከቀየራችሁ ደግሞ ቀድማችሁ በቪዲዮ ተናገሩ፤ የድሮውን ስም ቢያንስ ለአንድ ወር መግለጫው ላይ ተዉት።