ቢላዋውን አስቀምጡትና ቁልፉን ክፈቱት

ወዳጆቼ፣ በተለይ ሃርድዌር ያስተማርኳችሁ የሊበን ልጆች፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ኪቦርድ ቁልፍ አከፋፈት ነው። «ይሄም ወሬ ሆኖ!» የምትሉ አትጠፉም። ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ኮምፒውተር ይዘው ማመልከቻ የሚጽፉትን ሰዎች ጠይቁልኝ፤ ወሬ መሆን አለመሆኑን እነሱ ይንገሯችሁ።

በድምፅ አጻጻፍ «ሰላም» ሦስት ፊደል ናት፤ ጣት ግን አምስት ጊዜ ይመታል። በላቲኑ «ኢ» የሚባለው ቁልፍ የግእዙን ድምፅ ስለሚሰጥ ቀኑን ሙሉ የሚቀጠቀጠው እሱ ነው። እሱ አቧራ ገብቶት አልነካ ሲል ፊደሉ ሳድስ ሆኖ ይቀራል። «ከፈለ» ብለህ ትጽፋለህ፣ ወረቀቱ ላይ «ክፍል» ይወጣል። «ሰጠ» ያልከው «ስጥ» ይሆናል። ዕዳውን የከፈለ ሰው ማመልከቻ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ አስቡት እንግዲህ።

እዚህ አገር ያለው አብዛኛው ኪቦርድ ከሥሩ ላስቲክ ያለው ነው፤ ላስቲኩ ከደከመ ብዙም የምናደርግለት የለም። አሁን አሁን ግን መካኒካል የሚባለውን ከአዲስ አበባ የሚያስመጡ ልጆች እያየሁ ነው። በዚህ ዓይነቱ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ቤት፣ የራሱ ሞላና የራሱ የመዳብ ምላስ አለው። የጀርመኑ ቼሪ ኩባንያ ኤምኤክስ የሚባለውን ስዊች ካወጣ ከ1980ዎቹ (እንደ ፈረንጅ) ጀምሮ ሌሎቹም በአብዛኛው የእሱን ቅርጽ ነው የሚከተሉት። አምራቾቹ አንዱ ቁልፍ 50 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ምት ይችላል ይላሉ። ይችል ይሆናል፤ ግን የበጋ አቧራችንን አያውቁትም።

ታዲያ የሚከፈት ነገር ገዝተን እንዳይከፈት አድርገን እናበላሸዋለን። በቢላዋ፣ በምላጭ፣ አንዳንዱማ በጥርሱ! የስዊቹ ክዳን በሁለት ጎኑ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ቀጫጭን የፕላስቲክ ጥርሶች ይዘውታል። ቢላዋ አንዱን ጥርስ ብቻ ነው የሚያነሳው፤ ሌሎቹ እንደያዙ ስለሆኑ እሱ ይሰበራል። ክዳኑ ከዚያ በኋላ ይወዛወዛል፤ በቃ፣ ያ ስዊች አለቀለት።

መክፈቻ የሚባለው መሣሪያ የሚሠራው አራቱንም እኩል ወደ ውጭ በመግፋት ነው። ስዊቹን ቀጥ አድርጋችሁ ታስቀምጡበትና በአውራ ጣት ወደ ታች ትጫኑታላችሁ፤ ጠቅ ይልና ክዳኑ ይነሳል። ብዙዎቹ መክፈቻዎች ሁለት ወገን አላቸው፤ አንዱ ለቼሪ ዓይነቱ፣ ሌላው ጥርሱ ሰፋ ላለው ለካይል ዓይነት ነው። መክፈቻው ከሌለ ሁለት ቀጫጭን ጠፍጣፋ ካቻቢቴዎች ይበቃሉ፦ አንዱን ጎን አላቅቁ፣ መልሶ እንዳይዝ ከድሮ ሲም ካርድ ማቀፊያ የተቆረጠች ስስ ፕላስቲክ አስገቡ፣ ከዚያ ሌላውን ጎን። እጅ ይጠይቃል፤ ቢሆንም ከቢላዋው መቶ እጅ ይሻላል።

ከመክፈታችሁ በፊት ግን ስዊቹ ከቦርዱ እንዴት እንደተያያዘ እዩ። ተነቃይ ከሆነ በመንቀያው ጎትታችሁ ታወጡታላችሁ። በስታኞ የተበየደ ከሆነ፣ ያቀፈው ብረት በጥርሶቹ በኩል ቀዳዳ ከሌለው፣ መጀመሪያ ብየዳውን ማንሳት ግድ ነው። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ቦርዱን ራሱን ያጣዋል።

ሥራውን ሰፌድ ላይ ሥሩት። አልቀልድም! ሞላዋ ከተፈናጠረች አፈር ቤት ወለል ላይ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። ሞላዋንና መሐለኛውን እንብርት ለመያዝ ደግሞ እናቶቻችን እሾህ የሚነቅሉበት ወረንጦ አለ፤ ከፈረንጁ የሚያንስበት ነገር አላየሁም። ስትመልሱት የእንብርቱ ሁለት እግሮች ወደ መዳቡ ምላስ መዞር አለባቸው። ከተገላበጠ ምላሱን የሚያርቀው ስለማይኖር ቁልፉ እንደተጫነ ይቀራል።

ማጽጃው ከፋርማሲ የሚገዛው አልኮል ነው፤ 70 በመቶው ውሃ ስላለው በደንብ ይድረቅ። አረቄ የምታስቡ ካላችሁ ተዉት፣ ለእንግዳ ይሁን። የልብስ ስፌት መኪና ዘይትም አይሆንም፤ ቀጭን ስለሆነ ወደ ምላሱ ይፈስና አቧራውን እዚያው ያለቁጠዋል። ዩቲዩብ ላይ የምታዩዋቸው ልጆች ድምፁ እንዲያምር ብለው አዲስ ኪቦርድ ከፍተው ቅባት ይቀባሉ። መብታቸው ነው። እኛ ግን የታመመውን ቁልፍ ብቻ እንክፈት፤ ደህናው ይቀመጥ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናችን ልጁን «ተበላሽቷል፣ ቀይረው» ማለት እያስተማረው ነው። መለዋወጫ በማግሥቱ ለሚደርስለት አገር ይሄ ያስኬድ ይሆናል። እዚህ መንገድ በተዘጋ ሰሞን ከመርካቶ አንዲት ስዊች እስክትመጣ ጸሐፊው ሥራ ይፈታል፣ ባለጉዳዩም ቀጠሮው ያልፍበታል። ድሮ በየመሥሪያ ቤቱ የነበረው ኦሊቬቲ ስንት ዓመት ያገለገለው እኮ ተከፍቶ ስለሚጠረግ ነበር። ብረት ሠሪ ባለበት ከተማ አራት ጥርስ ያላት መክፈቻ ማሠራት ከባድ አይደለም፤ አንዱ የሞተ ስዊች ለልኬት ይበቃል።

ቡሬና ፍኖተ ሰላም ያላችሁ፣ ያሠራችሁ ካላችሁ ፎቶውን ኮመንት ላይ ለጥፉልኝ። ያልተከፈተላችሁም የስዊቹን ጎን በቅርብ አንስታችሁ ላኩ፤ ማታ ማታ አያለሁ።