ማጣራት ስድብ አይደለም

ዛሬም የምጽፈው ኤርፖርት ተራ እየጠበቅኩ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

በቅርቡ አንዲት እህታችንን ከሁለት ልጆቿና ከአምስት ሻንጣ ጋር ከዚሁ አነሳኋት። ከሌላ ስቴት ሥራ አግኝታ መምጣቷ ነው። የሰጠችኝ አድራሻ ሴንት ፖል ነበር። ደረስን፣ አንኳኳች። የከፈቱት ሽማግሌ ፈረንጅ ቤቱን ገዝተው ከገቡ ገና ወራቸው ነው፤ ለማንም አላከራዩም። ሌባው ቤቱ ለሽያጭ ሲወጣ የተነሳውን ፎቶ ገልብጦ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ለኪራይ ለጥፎታል። እሷም የመጀመሪያ ወርና ዲፖዚት ብላ 2,900 ዶላር በዜል ልካለች። ልጆቹ ሻንጣ ላይ ተቀምጠው እኔን ያዩኛል። እሷ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ወንድሜ፣ እባክህ ለማንም እንዳትናገር።»

ሌባማ ሌባ ነው። እኔን ያንገበገበኝ ይቺ ቃል ናት። (በኋላ ስሜን አትጥራ እንጂ ጻፈው ብላኛለች።)

ታሪኩን ለጓደኞቼ ሳወራ ምን አሉ? «በዚህ ዘመን እንዴት በዚህ ትሸወዳለች?» ብለው ሳቁ። ስሙኝ፣ እናንተም ትሸወዳላችሁ። አሁን ብዙ ባዶ ቤት በሩ ላይ የቁልፍ ሳጥን ተንጠልጥሎበት ተከራይ ብቻውን ገብቶ እንዲያይ ይደረጋል። ሌባው ራሱ ተከራይ መስሎ ኮዱን ይቀበልና ለእናንተ ይልክላችኋል። ገብታችሁ፣ ሳሎኑን ለክታችሁ፣ ቧንቧውን ከፍታችሁ ትወጣላችሁ። «በዓይኔ አይቻለሁ» ማለት ማስረጃ አይደለም።

«የባለቤቱን ስም አጣርተሽ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት። «ነውር መሰለኝ» አለች። «በጣም ጨዋ ነው፣ 'ጋድ ብለስ ዩ' ሳይል ስልክ አይዘጋም። መታወቂያውንም ልኮልኛል።» መታወቂያው የሌላ ሰው ነበር፣ ያም ሰው የተሰረቀ።

ችግራችን እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ወረቀት መጠየቅ ሰውን መጠርጠር፣ መጠርጠር ደግሞ መስደብ ነው። ሌባው የሚበላው በዚህ ይሉኝታችን ነው። አገር ቤት ደላላው ኮሚሽኑን ቢቆርጥም ከፊትህ እየሄደ ቤቱን ያሳይሃል፤ ቢክድህ ነገ ሰፈር ውስጥ ታገኘዋለህ። እዚህ ፊት የለም፣ ያለው ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። የዚያን አገር እምነት ለዚህ ስልክ ቁጥር መስጠት ምን የሚሉት ጨዋነት ነው?

ከታክሲ በፊት መሐንዲስ እንደነበርኩ ታውቃላችሁ። የ35 ደብልዩን ድልድይ አስታውሱ። ኦገስት 1 ቀን 2007 ከነመኪናው ሚሲሲፒ ወንዝ ውስጥ ወደቀ፣ 13 ሰው ሞተ። ምርመራው ያገኘው በ1960ዎቹ የተሠራ የዲዛይን ስህተት ነው። ብረቶቹን የሚያያይዙት ሳህኖች ሊኖራቸው ከሚገባው ውፍረት ግማሽ ያህል ነበሩ። ዲዛይኑን ያወጣውም ድርጅት፣ ያጸደቁትም መሥሪያ ቤቶች ስህተቱን ሳይዙት አለፈ። እኛ ሙያ ውስጥ «ስሌትህን አሳየኝ» ሲባል የሚቀየም የለም። ለቤት ሲሆን ለምን እንቀየማለን?

ማጣራቱ ደግሞ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ ብርም አያስከፍልም። አድራሻውን ይዛችሁ ቤቱ በማን ስም እንደተመዘገበ ከሄኔፒን ወይም ከራምዚ ካውንቲ ጠይቁ። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ቤት የሚያከራይ የኪራይ ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል፤ 311 ደውላችሁ ጠይቁ። ሴንት ፖል ባለቤቱ የማይኖርበት ኪራይ ቤት ከከተማው የእሳት ደህንነት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። በሚኒሶታ ሕግ የሚከራይ ቤት ሳይኖር የማመልከቻ ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው። ኪራይ በካሽ የተቀበለ አከራይ ወዲያው ደረሰኝ መስጠት አለበት። ሚኒያፖሊስ ከ2020 ጀምሮ ዲፖዚት ከአንድ ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ወስናለች። «ውጭ አገር ነኝ፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ» ያላችሁን፣ ጊፍት ካርድ የጠየቃችሁን፣ «ዛሬ ካልከፈልሽ ለሌላ እሰጠዋለሁ» ያላችሁን ዝጉበት። እውነተኛ አከራይ ስትጠይቁት አይቀየምም፤ እሱም የእናንተን ክሬዲት ያጣራ የለ!

ደግሞ እናንተ የግሩፕ አስተዳዳሪዎች! «ጥሩ ቤት ተገኘ» እያላችሁ ሳታጣሩ ሼር የምታደርጉት በስማችሁ ነው። እህታችን ማስታወቂያውን ያመነችው አበሻ ግሩፕ ላይ ስላየችው ነው። ለሐዘን በአንድ ቀን የሚሰበሰብ ዕድር ያለው ሕዝብ፣ ለእንግዳ የሚያጣራ አንድ ሰው መመደብ አቃተው?

የተበላችሁም ዝም አትበሉ። ዝምታችሁ ለሌባው ሁለተኛ ደንበኛ ያመጣለታል። በዚያው ቀን ባንካችሁ ደውሉ፣ ለፖሊስ አመልክቱ፣ ለስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮና ለኤፍ.ቢ.አይ. የኢንተርኔት ወንጀል ማዕከል ጻፉ። ሆም ላይን የሚባለው ድርጅት ለሚኒሶታ ተከራዮች የሕግ ምክር በነፃ ይሰጣል። በዜል የተላከ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፤ የእህታችንም እስካሁን አልተመለሰም። ለዚህ ነው ሳይከፈል በፊት የምጮኸው።

ወደዚህ ልትመጡ ያሰባችሁ፣ አድራሻውን ላኩልኝ። በዚያ ሳልፍ ቆም ብዬ አንኳኳለሁ፣ ሂሳብ የለውም። ሌሎቻችሁም ሾፌሮች እንዲሁ አድርጉ፤ ከተማውን ቀኑን ሙሉ የምንዞረው እኛ ነን።

ተራዬ ደረሰ። ደህና ሁኑ።