«የአክሲዮኑ ስም ከከፈላችሁ በኋላ ይነገራል»

ወገኖቼ፣ ሰሞኑን እዚህ ካምፓላ፣ የካንሳንጋና የካባላጋላ ሐበሻ በሚገናኝባቸው የቴሌግራም ቡድኖች አንድ ማስታወቂያ እየተዘዋወረ ነው። «በ3 ወር 10 እጥፍ የሚያድግ የአሜሪካ አክሲዮን አለን። እስከ ዓርብ ማታ ብቻ። ስሙን ለማወቅ 50 ዶላር።» እህት ወንድም ከውጭ የላከው የቤት ኪራይ ወደዚህ እየሄደ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እስቲ አስቡት። ሰውየው 10 እጥፍ እንደሚያድግ ካወቀ፣ ለምን ተበድሮም ቢሆን ራሱ አይገዛውም? የእናንተ 50 ዶላር ምን ያደርግለታል? ነገሩ ግልጽ ነው፤ የሚያተርፈው ከአክሲዮኑ ሳይሆን ከእናንተ ነው። 200 ሰው ከከፈለው 10 ሺህ ዶላር ኪሱ ገባ። አክሲዮኑ ወጣ ወረደ፣ ግድ የለውም።

ተንኮሉ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ፓይሬት ኢንቨስተር የሚባል ድርጅት (ስሙ ራሱ የባሕር ወንበዴ ማለት ነው፣ ምን ልበላችሁ!) «ከውስጥ አዋቂ ያገኘነው መረጃ ነው፣ ሜይ 22 ገንዘባችሁ እጥፍ ይሆናል» የሚል ኢሜይል ላከ። የኩባንያውን ስም ለማወቅ 1,000 ዶላር። ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች ከፈሉ። የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከሰሳቸው፣ ፍርድ ቤቱም በ2007 አጭበርብራችኋል ብሎ ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ አዘዘ። እነዚያ ከሳሽ ነበራቸው። እኛ ግን የስደተኛ መታወቂያ ይዘን ፖሊስ ጣቢያ መግባት የምንፈራ ብዙ ነን። ሻጮቹ ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

«ግን እኮ ባለፈው የነገረን ሆኗል» ትሉኛላችሁ። ስሙኝማ፦ ለ400 ሰው በውስጥ መስመር ይጽፋል። ለ200ው «ይወጣል»፣ ለ200ው «ይወርዳል»። የተሳሳተባቸውን ይተዋቸውና የቀሩትን 200 እንደገና ለሁለት ይከፍላቸዋል። በሦስተኛው ዙር 50 ሰው «አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም» ብሎ ይምልለታል። ለቡድኑ የሚመሰክሩት እነሱ ናቸው፤ ሌሎቹ 350ዎቹ የት እንዳሉ ማን ይጠይቃል?

ኤምቲኤን ኡጋንዳ በ2021 ሼር ሲሸጥ ስሙን ደብቋል? ዋጋው 200 ሺሊንግ ነው ብሎ በአደባባይ ተናገረ፣ ሽያጩም ሳምንታት ቆየ። እዚህ አገር የኢንቨስትመንት ምክር በገንዘብ የሚሸጥ ሰው ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ማውጣት አለበት። የባለፈቃዶቹ ዝርዝር በድረ ገጻቸው ላይ አለ። እኔ ለዚህ ሰው «ፈቃድህን ላክልኝ» ብዬ ጻፍኩለት፤ ከቡድኑ አስወጣኝ። በቃ፣ መልሱን ሰጠኝ።

ውጭ ያላችሁ ዘመዶች፣ ከዓርብ በፊት ድንገት «አስቸኳይ ነው» ተብሎ ገንዘብ ከተጠየቃችሁ፣ ከመላካችሁ በፊት ደውላችሁ ለምን እንደሆነ አጣሩ። የቡድን አድሚኖች ደግሞ፣ ማስታወቂያውን ለመለጠፍ ስንት እንደተከፈላችሁ ለሕዝቡ ንገሩ። ካልተከፈላችሁም ዛሬውኑ አጥፉት።