አቦሉ እየቀዘቀዘ ነው

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ግን መልአክ ሳንጠብቅ እኛው ለአንድ ኮከብ ስም አወጣን። ኮከቡን «ቡና»፣ በዙሪያው የምትዞረውን ግዙፍ ፕላኔት ደግሞ «አቦል» አልናት። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ከ110 በላይ ለሆኑ አገሮች የሰጠው ዕድል ነበር። በዚያው ሳምንት የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና መጠቀች። አጨበጨብን። ከዚያስ?

ከዚያማ ዝም ነው! ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ፣ መቂንና ባቱን ጨምሮ፣ ጀበና ያልተጣደበት ሰፈር ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። በአዳማ ጎዳናዎች በአማርኛ ቢያዙት ቡና፣ በኦሮምኛም ቢያዙት ቡና ነው፤ አስተርጓሚ አያሻም። ግን ከዚያ ሁሉ ጠጪ መካከል ቡና የሚባል ኮከብ እንዳለን የሚያውቀው ስንቱ ነው? ለተማሪው ያልተነገረ ስም በመዝገብ ውስጥ የተቀበረ ስም ነው።

«ሆዱ ላልሞላ ሕዝብ ኮከብ ምን ያደርግለታል?» የሚሉ ብልጦች አሉ። እነዚህ ሰዎች ቦረናን አያውቁም። የቦረና አያንቱዎች ጨረቃን ከሰባት የከዋክብት ምልክቶች ጋር እያስተያዩ ቀንና ወር ሲቆጥሩ ኖረዋል። አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ለዓለም አስረድተዋል። ከምልክቶቹ አንዱ «ላሚ» የሚሉት ነው፤ ጎረቤቱ አንድሮሜዳ የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ነው፤ የኛም ቡና ያለው እዚያው ነው። ከብት አርቢው ሰማይ ቅንጦት ነው አላለም። ቅንጦት ያደረግነው እኛ ከተሜዎቹ ነን።

ደግሞስ ምን ያህል ትምህርት ነው የባከነው! ቡና የፀሐያችን ዘመድ ነው፤ ትንሽ ገዘፍና ሞቅ ይላል እንጂ። ወደ 200 የብርሃን ዓመት ስለሚርቅ ዛሬ የሚደርሰን ብርሃኑ በዘመነ መሳፍንት የተነሣ ነው። የአቦል ክብደት ከጁፒተር 4 እጥፍ ይበልጣል። በዓይኑ ያያት የለም፤ በስበቷ ኮከቡን ስታወዛውዘው ተመራማሪዎች ከብርሃኑ ለይተው እ.ኤ.አ. በ2009 አገኟት። የስበትን ሕግ ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ ለፊዚክስ መምህር ከየት ይመጣለታል?

«መሣሪያው የት አለ?» እንዳትሉ። ቡና በባዶ ዓይን አይታይም፤ ደህና አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ግን ይበቃዋል። በታኅሣሥ ምሽት ከአዳማ መብራት ራቅ ብሎ፣ በዝዋይ ወይም በላንጋኖ ዳር ወደ ሰሜን ማንጋጠጥ ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት አንድ መነጽር፣ አንድ የሰማይ ካርታና አንድ የሚያመሽ መምህር ምን ያህል ያስወጣል? ለስብሰባ ከምናወጣው ውሎ አበል አይበልጥም። በስሟ ላይ ሳይንስና ቴክኖሎጂ የተጻፈ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ይህን ለመጀመር ትእዛዝ መጠበቅ የለባትም።

ጎበዝ፣ አቦል አንዱን ዙር የምትጨርሰው በ995 ቀን ግድም ነው። ስም ካወጣንላት ወዲህ ሁለቴ ዞራ ሦስተኛውን ጀምራለች። በቡና ወግ ሦስተኛው በረካ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጀበናው ይነሣል። እኛ ገና አቦሉን አልቀመስነውም።