የበጎ አድራጎት ገንዘብ መጠባበቂያ ያሻዋል

ደኅና ዕድር የሚታወቀው በልቅሶ ቀን ነው። አባሎች በየወሩ መዋጮአቸውን ያገባሉ፤ ጸሓፊው ይመዘግባል፤ ገንዘብ ያዡም የተረፈውን ባንክ ያስቀምጣል። ድንኳኑንና ወንበሩን እያከራየ ገቢ የሚጨምር ዕድርም ጥቂት አይደለም። ሞት ቀን ቆጥሮ አይመጣምና፣ ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብ «ገንዘብ እስኪሰበሰብ ታገሥ» አይባልም።

ይህን ብልኀት እናቶቻችንና አባቶቻችን ያለ መምህር ሲያውቁት፣ ስመ ጥር ከሆኑት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች መካከል ብዙዎቹ ሳይዙት መቅረታቸው ያሳዝናል። ገቢያቸው ከአንድ ወይም ከሁለት ለጋሾች የሚመጣ ነው፤ እርሱም ለተወሰነ ሥራ የተሰጠ ስለሆነ ለሌላ ጉዳይ አይነካም። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ባቋረጠ ጊዜ፣ በአገራችን ሥራቸውን ያቆሙና ሠራተኞቻቸውን ያሰናበቱ ድርጅቶች ታዩ። የተጎዳውም ደመወዝተኛው ብቻ ሳይሆን እርዳታውን ይጠብቅ የነበረው ችግረኛ ጭምር ነው።

«ችግረኛ በደጅ ቆሞ ሳለ ገንዘብ ማስቀመጥ ንፉግነት ነው» የሚሉ አሉ። እኛ ግን ዛሬ አብልቶ ነገ በሩን ከሚዘጋ ቤት፣ በልክ እየሰጠ ዓመቱን የሚዘልቀው ቤት ይሻላል እንላለን።

ሕጉም ቢሆን መንገዱን አልዘጋም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ድርጅቶች ገቢ በሚያስገኝ ሥራ እንዲሰማሩ ፈቅዷል፤ ትርፉ ግን ለዓላማው እንጂ ለአባሎች ክፍያ አይውልም። ለአስተዳደር የሚወጣውም ከጠቅላላው ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል።

እንግዲህ የየድርጅቱ ቦርድ ሦስት ነገር እንዲያደርግ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ለጋሹ ለአንድ ሥራ የሰጠውን ገንዘብና ድርጅቱ በራሱ ያገኘውን በየመዝገቡ ይለይ። ሁለተኛ፣ በራሱ ካገኘው ጥቂት በጥቂት እያስቀረ ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ የሚሸፍን መጠባበቂያ ያከማች፤ መጠባበቂያው የሚነካበትንም ምክንያት አስቀድሞ በጽሑፍ ይወስን። ሦስተኛ፣ በየዓመቱ ሒሳቡን በውጭ ተቆጣጣሪ አስመርምሮ ውጤቱን በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ያስነብብ። መዝገብ የሌለው ቁጠባ ሐሜትን ይወልዳልና።

መጥኖ መደቆስ ድስቱ ሳይጣድ ነው። የችግረኛው አደራ ያለበት ድርጅት ክፉ ቀን ከመምጣቱ በፊት ካዝናውን ይመልከት።